የአያቴ የክርስትና ስም
ጥር 15 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ሶዶ

ዛሬ አረካ ሄጄ የአያቴን ፎቶ ለአክስቴ አሳየኋት። ተበላ ከተማ ውስጥ አያቴን ወልደ ጊዮርጊስን የሚያውቅ ሰው እንዳጣሁ ስነግራት ሳቀች።

«ልጄ፣ እሱ እኮ የክርስትና ስሙ ነው። ቄሱ ብቻ ነበሩ በሱ የሚጠሩት። አገሩ የሚያውቀው ባሳ ብሎ ነው።»

ክው አልኩ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ እኔ የማውቀው መታወቂያዬ ላይ ያለውን ስም ብቻ ነው። ባለፈው የገበያ ቀን ተበላ ላይ አንድ ሽማግሌ ፎቶውን ትክ ብለው አይተው፣ «ይሄማ ባሳ ነው፤ አብረን አርሰናል» ብለውኝ ነበር። አስተማሪ ነኝና ማረም ይቀናኛል። «ተሳስተዋል አባባ፣ ወልደ ጊዮርጊስ ነው» ብዬ ፎቶውን ከእጃቸው ወሰድኩ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

በሚመጣው ገበያ እወርዳለሁ። ካጣኋቸው በሚቀጥለውም። ሳገኛቸው ፎቶውን እጃቸው ላይ አስቀምጬ ስለ ባሳ የሚነግሩኝን አዳምጣለሁ።