የእናቴን በር ስለደፈነው ማኅተም

ለተከበሩ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ለጉልበትዎና ለወገብዎ ብርታት እመኛለሁ፤ ሁለቱም በቅርቡ እንደሚያስፈልጉዎት ከደብዳቤዬ መጨረሻ ይረዱታል። እኔ በርና መስኮት ሠርቼ የምተዳደር አናጺ ነኝ። በእርስዎ በጎ ፈቃድ በር የሌለው መታጠቢያ ቤት ባለቤት ለመሆን ስለበቃሁ፣ ምስጋናዬን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በማለት ይህን ጽፌያለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማኅተሙ አመሰግናለሁ። እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የምትንቀሳቀሰው አራት እግር ባለው የብረት መደገፊያ ነው። ስለዚህ ቤቱን ስናስበው ሁሉን ነገር በእሷ እርምጃ ለካነው። ደረጃ አላደረግንበትም፤ ለመታጠቢያ ቤቱ ወለል የሚያብረቀርቀውን ትተን እግር የሚይዘውን ሸካራ ሴራሚክ መረጥን፤ ግድግዳው ላይ በእጇ ቁመት ልክ መያዣ ብረት ተከልን። በሩ ከመኝታ ክፍሏ በቀጥታ የሚያስገባ፣ መደገፊያው ሳይጋጭ እንዲያልፍ ዘጠና አምስት ሳንቲሜትር የሰፋ፣ ደፍ የሌለው ተንሸራታች በር ነበር። በሕይወቴ እንደሱ የተጠበብኩበት በር የለም። ፕላኑን ሲያጸድቁ ግን ክቡር እጅዎ ያን ሁሉ ባዶ ኅዳግ አልፎ ማኅተሙን ልክ በዚያ በር ላይ አሳረፈው።

ሠራተኞቼ «ሜትር» የሚሏቸው ተቆጣጣሪዎ ለቁጥጥር በመጡ ጊዜ ፕላኑን በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ዘርግተው አንድ ጊዜ ወረቀቱን፣ አንድ ጊዜ ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩና፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ የሚታየኝ ማኅተም ነው እንጂ በር አይደለም» አሉኝ። ከቀለሙ ሥር የበሩ መስመር እንዳለ በጣቴ ባሳያቸው፣ ማኅተም መነካካት እንደሚያስጠይቀኝ በትሕትና አስጠነቀቁኝ። እዚያው ቆመው ግንበኛውን በሩን በብሎኬት አስደፈኑት። በዚያ ሰዓት ሴራሚክ የሚያነጥፈው ሠራተኛዬ ውስጥ ሆኖ የመጨረሻውን ጥግ ያስተካክል ነበር፤ የወጣው በመስኮት ነው፤ ትከሻው እስካሁን አልዳነም፤ እሱም ሰላምታውን ያቀርብልዎታል።

ሁለተኛ፣ ለመንገዱ ውበት ስላሰቡልን አመሰግናለሁ። መንገዱ ያለው የከሰዓት ፀሐይ በሚበረታበት በስተምዕራብ ስለሆነ እኔ በዚያ በኩል ወፍራም የሸክላ ጡብና አንድ ጠባብ መስኮት አስቤ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ከወገብ በላይ መስታወት ይሁን ብሎ አዘዘ። ዛሬ እናቴ ከሰዓት በኋላ ሳሎኗ ውስጥ ጃንጥላ ዘርግታ ትቀመጣለች፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሲያያት እጇን ታውለበልብለታለች። መንገዱ በእውነትም አምሮበታል።

ሦስተኛ፣ ስለ ቀልጣፋው አገልግሎትዎ። ስህተቱ እንዲታረም ሳመለክት «በመስኮት ሦስት አቅርብ» ተባልኩ። አሥራ አንድ ቀን ተመላለስኩ፤ አሥራ አንዱንም ቀን መስኮት ሦስት ዝግ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተከፈተና በፊርማዎ የወጣ መልስ ተሰጠኝ፦ «ማኅተም ያረፈበት የፕላን ክፍል በማናቸውም ምክንያት አይነካም፤ በቦታውም በር አይከፈትም።» እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ቃል በየቀኑ አይገኝምና አምሮ የተሠራ ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ወርክሾፔ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ።

ሌላው ቁጥር የሚሰጠው አይደለም። ስድስት ልጆች አጥባ ያሳደገች እናቴ ዛሬ ለመታጠብም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለመጸዳዳትም መንገድ ተሻግራ የጎረቤት በር ታንኳኳለች። ሰው እንዳላስቸግር ብላ ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት አቁማለች። ባለፈው ሳምንት መንገዱን ሳትሻገር አመለጣት። ጎረቤታችን በነጠላዋ ሸፍና መለሰቻት፤ እናቴ እኔን ስታየኝ ፊቷን ወደ ተደፈነው ግድግዳ አዞረችና «ተወው ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ» አለችኝ። እኔ ግን አልተውኩትም። የዚያን ቀን ጥርሴን ነክሼብዎታለሁ፤ ይቅር ልልዎ አልሞከርኩም፤ መሞከርም አልፈልግም።

ስለ ሕግ አክባሪነት ላስተማሩኝ ትምህርት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ማኅተምዎ ሳይደበዝዝ፣ ቃልዎም ሳይታጠፍ እንዲኖር ከልብ የምመኝ፣

ትእዛዝዎን በሚሊሜትር የምፈጽም አናጺዎ

ማስታወሻ፦ በመሠራት ላይ ላለው የግል መኖሪያ ቤትዎ በርና መስኮት እንድሠራ ፎርማንዎ ራስዎ ያጸደቁትን ፕላን አምጥቶልኛል። ማኅተምዎ ያረፈው በዋናው መግቢያ በር ላይ ነው። ፕላኑ ሌላ የውጭ በር የለውም። በፍሬም የሰቀልኩትን መልስዎን ከግድግዳ አውርጄ ለፎርማኑና ለግንበኛው አነበብኩላቸው፤ ግንበኛው የእናቴን በር የደፈነው ያው ሰው ስለሆነ ሥራውን ለምዶታል፤ ደፍኖ ጨርሷል። ሜትርም መጥተው አይተው «ልክ ነው» ብለው ፈርመዋል። መስኮቶቹን በፕላኑ መሠረት የማይከፈቱ አድርጌ ገጥሜያቸዋለሁ፤ እንዲከፈት የተፈቀደው ስልሳ በስልሳ ሳንቲሜትር የሆነው መስኮት ቁጥር ሦስት ብቻ ነው። ሴራሚክ አንጣፊዬ አገባቡን ሊያሳይዎ ፈቃደኛ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ አለ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብቅ ይበሉ።