መርፌን «መፍሬ» ያለው ምስክር

ውድ ልጄ፣

እጄ ለጽሕፈት ዘገምተኛ መሆኑን ታውቃለህ። ይህችን ደብዳቤ ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

በካምፑ ሕክምና ክፍል፣ በወታደሮች ላይ በስውር መድኃኒት ተሞክሯል ወይስ አልተሞከረም የሚለውን የሚያጣራው ኮሚቴ ማክሰኞ ዕለት ምስክሮች ሰማ። እኔም ከሟቾች ቤተሰቦች ጋር ተቀምጬ ነበር።

መጀመሪያ ሐኪማችሁ ቀረበ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኩሳትህን ልክ ሳይቀር በቃሉ ያውቃል። «ድንገተኛ ሕመም ነው። ምንም መርፌ አልተወጋም። ተኝቶ ሳለ ሳይሰማው አለፈ» አለ። ጠላሁት ብዬ ብነግርህ ውሸት ይሆናል። አራት ወር ሙሉ ይህንኑ ቃል ታቅፌ ነው የኖርኩት።

ቀጥሎ ክፍሉን ያጸዳ የነበረው ሽማግሌ መጣ። ስለ አንተ ሲጠየቅ፣ መጀመሪያ አምስት ቀን ታመመ አለ፤ ቆይቶ ዘጠኝ አደረገው። የጓደኛህ እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይሄማ መጠጥ ቀምሶ ነው የመጣው» አለችኝ። እኔም እንዲያ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

«በየጠዋቱ ‹አባባ፣ ዛሬም መፍሬ አለ?› ይለኝ ነበር» አለ ሽማግሌው።

የሐኪሙ ጠበቃ ሳቀ። «መርፌን በቅጡ መጥራት ያቃተው ሰው ነው ስለ መርፌ የሚመሰክርልን?»

«እሱ እንዳለው ነው ያልኩት፣ ጌታዬ። እኔም ያኔ ስቄበታለሁ።»

ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ «መርፌ ብለሽ አስተካክለሽ ጻፊው» አላት።

ሦስት ዓመትህ ነበር። ከጤና ጣቢያ ስንመለስ አንገቴ ሥር ተወሽቀህ «መፍሬ አልወድም» አልከኝ። ካደግህ በኋላም ለቀልድ ከእኔ ጋር ብቻ ነበር የምትለው። ያ ሰው ከአንተ አፍ ካልሆነ ከየት ያመጣዋል?

ዝም ካልኩ፣ ሳይሰማህ እንዳለፍክ ትቀርልኛለህ። ከተናገርኩ ግን፣ አምስትም ይሁን ዘጠኝ፣ የስቃይህ ቀኖች እውነት ሊሆኑ ነው። ወንበሩን ተደግፌ ተነሣሁ።

«አታርሙት» አልኩ። «የልጄ ቃል ነው።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «እናቴ፣ ይህ በመሐላ የሚጸና ነገር ነው። አስበውበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

ማልኩ፤ ፈረምኩ። ይመኑኝ አይመኑኝ አላውቅም። ጠበቃው «እናት ለልጇ ምን የማትለው አለ» ሲል ሰምቻለሁ።

ለእህትህም ተኝቶ ሳለ ነው ያለፈው ብያት ነበር፤ እስካሁን የምትጽናናው በዚያ ነው። ቅዳሜ ትመጣለች። አጠገቤ አስቀምጬ የሰማሁትን ሁሉ እነግራታለሁ። ከባዕድ አፍ አትሰማውም።

ያልደረሰችልህ እናትህ