ከሳንባ ራጅ የወጣ ዘፈን

ጋምቤላ፣ ግንቦት 1986

ወንድሜ አሸብር፣

ያረፍኩት ጤና ረዳቱ ዘርአብሩክ ቤት ነው። ከሸምበቆና ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ በእጅ የሚዞር ኦርጋን ሠርቷል፤ ዜማውን የሚያነበው ከተበሳሳ የራጅ ፊልም ነው። የማን ሳንባ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሚስቱ ፀዳለ ግን «ዛሬ የጎረቤት ሰርግ ላይ ካልዘፈነ ነገ ማገዶ ነው» ብላ ቆርጣለች።

እዚሁ ኒውላንድ ሰፈር ሰርጉ ሲደምቅ፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት ሄደና የሙዚቀኞቹ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ጭጭ አለ።

«ክልል ሆነንም መብራት ይሄዳል?» አለ አንዱ።

እናንተ ጋ ደሴ ቢሆን ሰርገኛውም አብሮ ይሄድ ነበር። ዘርአብሩክ «ይሂድ፣ እኔ አለሁ!» ብሎ እጀታውን አዞረ።

ኦርጋኑ ዘፈነ! የሚያውቀው አንድ ዘፈን ነው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ጨፈርንበት። አሁን እጀታውን የያዘችው ፀዳለ ናት፤ ባሏ ተራ ይጠብቃል።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ባለቤትህን ናዝሬትን ሳምልኝ፤ ሸምበቆ ከማንደዷ በፊት እፍ ትበልበት።