ከእንሰታችን በላይ የቆፈርነው ቦይ

ለውድ ወንድሜ ዳልጮ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ነህ? ባለቤትህ አስናቀችስ? የመተሐራ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ያ የጻፍክልኝ ወባ ጨርሶ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ይመላለስብሃል? እኛ ጌታ ይመስገን በሕይወት አለን። ከአንተ ናፍቆት በቀር የሚያስጨንቀን የለም ብዬ ብጽፍልህ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

በልጉ እንደቀረ ሰምተሃል። የስኳር ድንቹ ሐረግ እንደተተከለ ደረቀ። ዝናቡ የመጣው ከረፈደ ነው፤ አሁን አገሩን ብታየው ለምለም ነው፣ የሚበላ ግን ገና አልደረሰም። ያቆየን እንሰቱና ካሳቫው ነው። ለዚህ ነው ከቤታችን በላይ ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ወደ እንሰቱ መጠጋቱ እንቅልፍ የነሳኝ።

ጥቅምት ላይ ቤተ ክርስቲያን ለሥልጠና ሶዶ ልካኝ ነበር። ትምህርቱን ፐርማካልቸር ይሉታል። አዲስ ዘር ይሰጡናል ብዬ ነበር የሄድኩት። አሰልጣኛችን ሰብለ ግን ዘርም ማዳበሪያም አላሳየችንም፤ "መጀመሪያ ዝናቡ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እዩ" አለችን። እንሰቱ የት፣ ከብቱ የት፣ የዕቃ እጣቢ የሚደፋው የት እንደሆነ እያንዳንዳችን ግቢያችንን በወረቀት እንድንሥል አደረገችን። ከአንዱ የሚወጣው ለሌላው ምግብ እንዲሆን አድርጎ ቤትን ማሰናዳት እንደሚቻል የገባኝ ያኔ ነው።

ተመልሼ እጣቢውን ወደ ጎደሬው መራሁት፣ የእንሰቱን ሥር ገለባ ጎዘጎዝኩበት። ይህን ማንም አልተቃወመም። ሦስት እንጨት አስሬ፣ ድንጋይ በገመድ አንጠልጥዬ መሬቱ እኩል የሚሆንበትን እየለካሁ፣ ጎርፉ ቆሞ እንዲሰርግ ተዳፋቱን አግድም በቦይ ልቆርጠው ስነሣ ግን አባባ "ውሃው መንገዱን ይሂድ እንጂ ከደጃችን በላይ አቁመሽ ልትቀልቢው ነው?" አሉኝ። እማማ ግን ዶማ ይዛ አብራኝ ልትቆፍር ወጣች።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ቦዩ ሞላ፤ እንሰቱም ተረፈ። ነገር ግን ለሞላው ውሃ መውጫ አልተውኩለትም ነበርና በታችኛው ጫፍ ደርምሶ የጎረቤታችንን የአቶ ቦጋለን በቆሎ ጠርጎ ወሰደው። በዚህ ዓመት በቆሎ ማለት ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ሰውየው አልጮኹም። አጥሩ ጋ ቆመው "የአንቺ ትምህርት ልጆቼን ጦም አሳደረ" አሉኝ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አብዛኛው ሰው ቦዩ ይደፈን አለ፤ እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። አባባ ተነሡና "ጥፋቱ የቤቴ ነው፤ ካሳውን እኔ እችላለሁ። ቦዩ ከተደፈነ ግን ጎርፉ ነገ እንሰቴን፣ ከነገ ወዲያ የቦጋለን ቤት ይወስዳል። ይስተካከል" አሉ። ይህን ሲሉ ወደ እኔ እንኳን አልዞሩም። ለአቶ ቦጋለ ከካሳቫ ማሳችን አንዱን ጎን ሰጠናቸው። ሰብለም ከሶዶ በሚኒባስ መጥታ ውሃው ሲሞላ በቀስታ የሚወጣበትን በር በግጦሹ በኩል አሳየችኝ። በድንጋይ ሠራነው፤ ዳሩን ሁሉ ሥሩ አፈር አጥብቆ የሚይዘውን ዴሾ ሣር ተከልንበት።

ሐምሌ ላይ ያው ዓይነት ዝናብ ሲመጣ አቶ ቦጋለ ጆንያ ተከናንበው መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ውሃው ሞላ፣ በበሩ ወጣ፣ ሣሩ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ቆየን። ከዚያ "የእኔንም መሬት ለኪልኝ" አሉኝ። አሁን የእሳቸውን እየቆፈርን ነው።

ሥራ እንዳገኘህልኝና ወደ አንተ እንድመጣ ጽፈህልኝ ነበር። ስለ እኔ ማሰብህ ልቤን ነክቶታል፤ ብዙም አወጣሁ አወረድኩ። አልመጣም፣ ወንድሜ። እዚህ ጥጋብ ኖሮ አይደለም፤ ዛሬም በቀን አንዴ ነው የምንበላው። ግን ድሮ ደመና ሲከብድ ቤት ገብቼ በር እዘጋ ነበር፤ አሁን ዶማዬን ይዤ እወጣለሁ።

አባባ ለመስከረሙ የጊፋታ በዓል እንዳትቀር ብለዋል። እማማ ለአስናቀች ብዙ ሰላምታ ትልካለች። ታናሽ እህታችን ሳምራ ክፍሏን አልፋለች፤ ራስህ ጻፍላት። አቶ ቦጋለም ስጽፍ አይተው "እኔንም ጨምሪኝ" ስላሉ እነሆ ጨምሬአቸዋለሁ።

እህትህ አባይነሽ

ሁምቦ፣ ተበላ
ነሐሴ 5 ቀን 2000 ዓ.ም.