የግራ ጉልበቴ በብርሃን

ውድ ልጄ ሕሊና፣

ካለሽበት ሁሉ የቁስቋም እመቤት በጥላዋ ትጋርድሽ። መንገዱ ተዘግቶ አዲስ አበባ ከቀረሽ ወዲህ እኔም ከዚህ መቀመጫ ብዙ አልራቅሁም፤ አንቺን መንገድ፣ እኔን ጉልበት አስሮናል። በጓደኛሽ በወንዴ በኩል የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። የማኅበራችሁ ሥራ፣ ያ የብርሃን ሰው፣ እስከ መካነ ብርሃን ላሉት ጉባኤ ቤቶች በስልክ እንዲላክ ፈቃዴን ትሺያለሽ። ከመልሴ በፊት የሆነውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ወደ ማኅበራችሁ ቤት ስትጠሪኝ ወንዴ ከተሰበረ ስልክ የሠራትን ወፍ ሲያስጮኽ፣ መቅደላዊት በራጅ ፊልም ላይ ዛፍ ስትስል አይቼ፣ «ልጆቼ፣ ሥራ የላችሁም?» ብዬ ነበር። ሳቃችሁ። አንቺ ግን፣ ፊዚክስ ያጠናሽው፣ ሊቃውንት መቋሚያ ይዘው ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዘነበሉ ሲዘምሙ ሰውነታቸው ዜማውን እንዴት እንደሚሸከም ጠየቅሽኝ። ደነገጥሁ፤ ከደቀ መዛሙርቴ እንዲህ የጠየቀኝ አልነበረም። ስለዚህ እነዚያን እንቅስቃሴ የሚቀርጹ ጥቃቅን መሣሪያዎች በክንዴና በእግሬ ስታስሪ ዝም ብዬ ቆምሁልሽ። እኔ ስዘምም፣ ከብርሃን ነጥብ የተሠራ ፊት የሌለው ሰው ግድግዳው ላይ አብሮኝ ዘመመ። እኔ ባልፍም አቋቋሙ ሳይጠፋ ይኖራል ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንሁ።

ከሄድሽ በኋላ ደቀ መዛሙርቴ ትተሽልን ከሄድሽው የብርሃን ሰው ይማሩ ጀመር። አንድ ጠዋት እንኳየሁ፣ ከትክል ድንጋይ የመጣው ልጅ፣ ፊቴ ቆሞ ሲዘምም ወደ ግራ ባዘነበለ ጊዜ ጉልበቱ እጥፍ አለ።

«ምነው ልጄ፣ አመመህ?»

«ኧረ ደኅና ነኝ፣ የኔታ።»

«ታዲያ ጉልበትህን ምን አጠፈው?»

«ብርሃኑ እንዲህ አይደል የሚያደርገው?»

ሌሎቹንም አዘመምኋቸው። የሁሉም ጉልበት በዚያው ስፍራ ታጠፈ፤ አንድነታቸውስ ሸጋ ነበር። ልጄ፣ ያ ከአባቶች የተቀበልሁት አይደለም። በሽታዬ ነው፤ መሣሪያዎቹን ስታስሪብኝ ጉልበቴን ያመኝ እንደ ጀመረ ለማንም አልተናገርሁም ነበር።

«ይህ ስሕተት ነው» አልኋቸው። ተያዩ። እንኳየሁ አንገቱን ሰብሮ፣ «የኔታ፣ አይቆጡኝና ረስተውት ይሆናል። ብርሃኑ የተቀረጸው እርስዎ ደኅና ሳሉ ነው» አለኝ። ከኋላ አንዱ፣ «ማሽን እንደሁ አያረጅ!» ብሎ አሳቃቸው።

ተቆጣሁ። ትክክለኛውን ላሳያቸው መቋሚያዬን ይዤ ተነሣሁ። ዜማው ከስፍራው ሲደርስ ጉልበቴ ከዳኝ፤ በዚያው ስፍራ፣ ልክ እንደ ብርሃኑ። እንኳየሁ ደግፎ አስቀመጠኝና በደስታ፣ «አዩት የኔታ? አልረሱትም!» አለ።

የብርሃኑ ሰው መሰከረብኝ፤ እኔም በራሴ ላይ መሰከርሁ። ዝም ብል ሕመሜ ሥርዓት ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያነክሳል። ብናገር ደግሞ መቆም የማይችል የአቋቋም መምህር ወንበሩን መልቀቁ አይቀርም፤ ከወንበሬ ሌላ የማውቀው ቤት የለኝም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል እንደ ተዘጋበት ሰው ሰነበትሁ።

መልሴ ይህ ነው፦ አትላኪው። የይለፍ ቃሉ ካንቺ ጋር ነውና እዚህ ያለውንም አጥፊው። ወንዴ እንደሚያዝን አውቃለሁ፤ እኔም አዝናለሁ፤ ከዕድሜዬ ሁሉ የተረፈ የመሰለኝ እርሱ ነበርና።

ለደብሩ አለቃም እግሬ እንደማይቆም በአንደበቴ ነገርኋቸው። እርሳቸውም፣ «ሌላ መምህር እስክናገኝ ተቀምጠው ያስተምሩ» አሉኝ። በተሰጠኝ ጊዜ እንኳየሁን ከፊቴ አቁሜ፣ ግራ ጉልበቱን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ያ ስፍራ ሲደርስ ሊታጠፍ ይታገለኛል።

«የኔታ፣ ይኮረኩሩኛል!» እያለ ይስቃል።

«ሳቅ፤ ግን ቁም» እለዋለሁ።

ሲቀናለት መሣሪያዎችሽን በእርሱ እግር ታስሪያለሽ። እስከዚያ የያዝሁትን ጉልበት አልለቅም።

አባትሽ
መሪጌታ ወልደኢየሱስ