ላሟም ሥርዓት ትልመድ

ጥቅምት 7
ቢሮ ስደርስ ጠረጴዛዬ የለም። ሪፎርም ነው አሉኝ። በር ጥግ አገኘሁት። ግድግዳው ተቀብቷል፤ «የከተማ ግብርና» የሚለው ጽሑፍም በሦስት ቀለም ሆኗል። ኃላፊያችን ዓምሃ ስብሰባ ጠራን። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ይሄ ግን የራሴ ደብተር ነው።) ከዛሬ ጀምሮ ከብት አርቢ የሚስተናገደው በቀጠሮ ብቻ። በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ።

እጄን አወጣሁ። «ላም ኮርማ የምትፈልገው ለአንድ ቀን ነው፤ እሱም ከሞላ። እስከ ዛሬ ሲደወልልኝ የኮርማውን ዘር ይዤ እሮጣለሁ። ሦስት ቀን ከጠበቅሁ…»

«ሮዳስ፣ ለውጥ አትፍሪ። ላሟም ሥርዓት ትልመድ።»

ሰው ሁሉ ጻፈው። እኔም ጻፍኩት።

ጥቅምት 10
እትዬ ጀዊሪያ በጠዋት ደወሉ። ዊንጌት ጀርባ አንድ ላም አላቸው፤ ቡሬ። ጳውሎስ ላሉ ካፌዎች ወተት እየሸጡ ነው ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት። አሁን ግን ነጥፋለች፤ ካላረገዘች ወተት የለም። «ልጄ፣ ከሌሊት ጀምራ ትጮሃለች። ቶሎ ነይልኝ።»

ቀጠሮ ተያዘላቸው። ለሐሙስ።

ጥቅምት 13
በቀጠሮዬ ሄድኩ፤ ደቂቃ ሳላሳልፍ። ቡሬ ተኝታ ታመነዥካለች። እንደ ግብር ሰብሳቢ አየችኝ። «በነጋታው ጩኸቷን ተወች እኮ» አሉ እትዬ ጀዊሪያ።

ሪፖርቱ ላይ «ተገልጋይዋ በቀጠሮዋ ቀን ፈቃደኛ ሆና አልተገኘችም» ብዬ ጻፍኩ። ዓምሃ አጸደቀው። ሳያነበው ነው… ወይስ አንብቦ?

ኅዳር 1
ቡሬ በሦስት ሳምንቷ ዛሬ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች ብዬ ቀድሜ ቀጠሮ አስይዤ ነበር። ለካ ዛሬ ሁላችንም ሥልጠና አለን። ርዕሱ «ፈጣን ምላሽ»። ስልካችንን በር ላይ ሰበሰቡ።

ማታ ሳበራው የእትዬ ጀዊሪያ ጥሪ ብቻ። ደወልኩላቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ለሉካንዳው ሰውዬ ቃል ሰጥቻለሁ። በሚቀጥለው ካልያዘች ይወስዳታል። መኖ መግዣ የለኝም፣ ልጄ።»

አፈርኩ። እራትም አልበላ አለኝ።

ኅዳር 16
ለአርቢዎች መቀመጫ ሶፋ ተገዛ። ላስቲኩ እንዳይነሳ ተብሏል። አርቢም እንዳይቀመጥበት።

ኅዳር 22
ከላይ እንግዶች መጡ። ምንጣፍ ተነጠፈ። ባነሩ «አገልግሎታችን እስከ አርቢው ደጅ» ይላል። እኛ ግን ከግቢ መውጣት ክልክል ነው። ልቤ ዊንጌት ነው… ዛሬ የቡሬ ቀን ነው። እትዬ ጀዊሪያ አልደወሉም። ተስፋ ቆረጡ ማለት ነው አልኩ።

ለካ እየመጡ ነው። ቡሬን እየጎተቱ።

ጥበቃው አጥናፉ «ቀጠሮ አላት?» ሲል ሰማሁ። ቡሬ አልመለሰችለትም። ምንጣፉ ላይ ወጥታ ጮኸች። የዓምሃ ፊት አመድ መሰለ። አንዱ እንግዳ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለ።

«እ… ማለቴ፣ አዲሱ አሠራራችን ናት» አለ ዓምሃ። «ከብቶቻችን ራሳቸው መጥተው ይስተናገዳሉ።»

ተጨበጨበ። ጓንቴን አጠለቅሁ። ቡሬን ዛፍ ላይ አስረን ሥራዬን ሠራሁ። እንግዶቹ ፎቶ ያነሳሉ።

«ፎቶውን ተዪው» አሉኝ እትዬ ጀዊሪያ በሹክሹክታ፣ «በደንብ ነው የሠራሽው?»

ታኅሣሥ 20
ዓምሃ ተሸለመ። ልምድ ሊያካፍል ክፍለ ሀገር ሄደ። ቀጠሮ ላይ የሚፈርመው እሱ ብቻ ስለነበር ቀጠሮ ቀረ። ሲደወልልኝ እሄዳለሁ።

ጥር 27
ቡሬን ልመረምር ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አልጮኸችም። ግን ሳያረግዙም ዝም የሚሉ አሉ። የሉካንዳው ሰውዬ ገመድ ይዞ ደጅ ቆሟል።

ጓንቴን አጥልቄ እጄን በኋላዋ በኩል እስከ ክርኔ አስገባሁ። እትዬ ጀዊሪያ ዝም ማለት አቃታቸው።

«ቢሮአችሁ ተሻሻለ አሉ?»

«አዎ። ኃላፊው አልተመለሱም።»

አልሳቁም። ዓይናቸው ክንዴ ላይ ነው። ዳበስኩ። እንደገና ዳበስኩ… አለ።

«ይዛለች።»

ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ በሩ አሳዩኝ።

«ለሱ ንገሪው» አሉ። «ጮክ ብለሽ።»