ብርድ ነው ያልኸን ሕመም

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። የተከልኸው ባሕር ዛፍ ከቤቱ ክዳን በላይ ሆኗል። ቀዩን በሬ ካንተ በኋላ ለማንም አልታዘዝ ቢለን ሸጥነው። እማዬ ደህና ናት። ጋቢህን አጥባ ልበሰው ብትለኝ እምቢ አልኋት፤ ለብሼው አንተን መሆን ፈራሁ።

ለሽንት ከአጥሩ ጀርባ ወጥተህ ስትቆይብን ምሳው ይቀዘቅዝ ነበር። ግንባርህን አልቦህ ስትመለስ ምነው እንልሃለን፤ ብርድ ነው ትለናለህ። የሚያልብ ብርድ በማን አገር አለ ብዬ የሳቅሁብህን ይቅር በለኝ። ውሃ መጠጣት ስትተው በጾም አመካኘህ። ሰው ጨብጥ ይለኛል ብለህ እንደሆነ የገባኝ ፊትህ ካበጠ፣ ኩላሊትህ ከደከመ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እጄን ይዘህ የሕመምህን ቦታ ለማንም እንዳልናገር አደራ አልኸኝ። ለለቀስተኛው ሁሉ ኩላሊት ነው አልሁ፤ ለታናሽ ወንድሜም ጭምር።

አባዬ፣ እኔንም ያዘኝ። መጀመሪያ የብልቴ ቆዳ ነጥቶ ደረቀ፣ ቀጥሎ ሽንቴ ቀጠነ። ያንተ ልጅ ነኝና ሰባት ወር ብርድ ነው ስል ከረምሁ። ጎትታ ጎንደር ያደረሰችኝ ሚስቴ ናት። ሐኪሙ ጨብጥ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም አለኝ። የቆዳ በሽታ ነው፤ እየቆየ ጠባሳው የሽንት ቧንቧን ያጠባል። ከቤተሰብ የታመመ ሰው አለ ወይ ቢለኝ አንተን ነገርሁት፤ የአደራህን ጫፍ ያን ቀን ቆረስሁ።

የሚቀባ መድኃኒት ሰጠኝ፣ ቧንቧውንም በቀጭን ቱቦ አሰፋልኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ጠበበ። አሁን ከጉንጬ ውስጥ ቆዳ ወስደው ሊጠግኑት ቀጠሮ ይዣለሁ። ከዚያው ከታች የተወሰደ ቆዳ በሽታው ስለሚከተለው አይሆንም አሉ። ሰባት ወር ዝም ላለ አፍ ይኸው ሥራ ተገኘለት። ተመልሶ አይመጣም ብሎ ቃል የሰጠኝ ግን የለም፤ እፈራለሁ።

ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜ ከማክሰኝት ሊጠይቀኝ መጣ። ምሳ ቀርቦ ሳለ ከአጥሩ ጀርባ ወጣ። ጠበቅነው፤ ወጡ ቀዘቀዘ። ግንባሩን እየጠረገ ሲመለስ ምነው አልሁት።

ብርድ ነው አለኝ።

አልሳቅሁም። ሰኞ ይዤው ወደ ሐኪሙ እሄዳለሁ፤ እምቢ ካለኝ ምን እንደገደለህ፣ የትኛው ቦታ እንደሆነ፣ ሁሉን እነግረዋለሁ። እስክሞት አልረሳህም አባዬ፤ አደራህን ግን እበላለሁ።

አደራ በላው ልጅህ